ተቅማጡ ከቆመ በኋላ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ግብዣ አደረጉልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ፤ ሥራ ለፈታ ሰው ሰዓት ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቅኋቸውም። ከምሳ በኋላ ወጣቱ ኃላፊያችን ተነስቶ ንግግር አደረገ። ልጁ ደግ ነው፤ ሲያመሰግን ግን ልክ የለውም። «ጋሼ ግርማ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሕመምተኛ በስህተታቸው አልሞተባቸውም» አለና ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ እንባዬን አይታ ደስታ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ያን ጊዜ ተነስቼ «ተሳስተሃል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጋቢዬን ለብሼ፣ ሰዓቴን ታቅፌ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርኩ። ስለዚህ በአፌ ያላልኩትን በብዕር ልበለው ብዬ ነው የተነሳሁት። ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም የማወራው ግን ስለ መጀመሪያው ምድቤ፣ እዚያም ስላገኘሁት አንድ በሽታ ነው። ስሙን ሳላውቀው ደነገጥኩ፤ ስሙን ካወቅኩ በኋላ ደግሞ የባሰ ደነገጥኩ።

ጋምቤላ የተመደብኩት በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። የድሬሰርነት፣ ማለትም የጤና ረዳትነት፣ ኮርስ ጨርሼ፣ ከጎሬ የምደባ ደብዳቤ ተቀብዬ፣ በዳኮታ አውሮፕላን ወረድኩ። ያኔ ጋምቤላ ዋና ከተማው ጎሬ በሆነው በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የመታኝ ሙቀት አስደንግጦኝ፣ «ሞተሩ ተቃጠለ እንዴ?» ብዬ አስተናጋጁን ጠየቅሁት። ሰውዬው ሳቀብኝ። አየሩ ነበር።

ክሊኒካችን ከባሮ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት ክፍል፣ ጥቂት የብረት አልጋዎችና መስኮት ሥር የተቀመጠ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን። ሠራተኞቹ ሦስት ነን። ዋናው ድሬሰር ጋሼ ተሰማ፣ ከእሳቸው በታች እኔ፣ ከዚያ ኦሞድ። ኦሞድ ጎልማሳ አኙዋ ነው፤ በወረቀት ላይ ጽዳት ተብሎ ይጻፍ እንጂ መርፌ የሚቀቅለው እሱ፣ የሚያስተረጉመው እሱ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ የሚነግረንም እሱ ነው። ደመወዝ ከጎሬ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲዘገይ ይዘገያል፤ ሪፖርት ግን በየወሩ በሦስት ቅጂ ይፈለግብን ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ይህ ይበቃል።

ጋሼ ተሰማ የጎሬ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ መሳይ፣ ግን ሕፃን ሲያዩ ድምፃቸው የሚለሰልስ። ሕፃን ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚነኩት እግሩን ነው። የእግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ካርድ እስኪወጣ አይጠብቁም። ከዚያ ወንበራቸውን ትተው እናትየው ከተቀመጠችበት ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ፤ «ከላይ ሆነህ የምትጠይቃት እናት ግማሹን ትደብቅሃለች» ይሉኝ ነበር። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይለቁና ይመለከታሉ። ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ ልጁ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ አለቻቸው፤ «ሸና?» የምትል። በአማርኛ፣ በአኙዋ፣ በኑዌርና በኦሮምኛ ያውቋታል። በሌሎቹ ቋንቋዎች ሰላምታ እንኳን በቅጡ የማይመልሱ ሰውዬ ይህችን ግን እንደ ተወላጅ ነበር የሚሏት።

«ልብ በል ግርማ» አሉኝ በገባሁ በሳምንቱ፣ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚሞተው ውሃ አጥቶ ነው። ከሸና ተርፏል። ካልሸና ጨምርለት።»

እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሸመደድኳት። ደግሞም እውነት ነበረች። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ምላሱ ደርቆ፣ በእናቱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ልጅ፣ የጭንቅላቱን ደም ሥር ፈልገን ግሉኮስ ስንሰቅልለት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ሲስቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የሕፃን ጭንቅላት ላይ ደም ሥር መውጋት ቀላል አይደለም፤ ፀጉሩን ትላጫለህ፣ በጣትህ ታሻለህ፣ ሲያለቅስ ደም ሥሩ ይወጣልሃልና እንዲያለቅስ ታደርጋለህ። እኔ በዓመቱ ከጋሼ ተሰማ እኩል ደረስኩ። እጄ ቀልጣፋ ነበረች፤ ቅልጥፍናዋንም አውቅላት ነበር። በጣም አውቅላት ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ባሮ ሞልቶ ዳርቻው ላይ ያሉትን መንደሮች አጥለቀለቀ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ገባ። ልክ በዚያው ሰሞን ጋሼ ተሰማ ለሥልጠና ጎሬ ተጠሩ። «ትችለዋለህ» ብለውኝ ሄዱ። እኔም እችለዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

አጁሉ የምትባል የአኙዋ ሴት ኦባንግ የሚባል የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ በታንኳ ተሻግራ መጣች። ደምና ንፍጥ ያስቀምጠዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ትኩሳት አለው። የነበረንን የሰልፋ ክኒን ሰጠሁት፣ ስኳርና ጨው ያለው ውሃ አስጠጣሁት። በአምስተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ። ኦባንግ ማንጎ በላ። እኔም መዝገቡ ላይ «ድኗል» ብዬ ጽፌ ሸኘኋቸው፤ ኦሞድን ሳይቀር «አየህ?» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ምንም ሳትናገር ልጁ ሥር የምታነጥፍለትን ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ጨርቁ ንጹሕ ነው፤ ደምም ንፍጥም የለበትም። ተቅማጡ እንደቀረ ልታሳየኝ ያመጣችው መስሎኝ ደስ አለኝ። «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ» አልኳት። አጁሉ እኔን ትታ ለኦሞድ በአኙዋ ነገረችው።

«ደስ ብሏት አይደለም» አለኝ ኦሞድ። «ጨርቁ ደረቅ ነው ነው የምትለው። ትላንትና ከትላንት ወዲያ አልሸናም።»

ያኔ ነው ኦባንግን በደንብ ያየሁት። ጥቁሩ ልጅ አመድ መስሏል። የከንፈሩ ውስጥ፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጥ፣ መዳፉ፣ ሁሉም ነጥቷል። አይጫወትም፣ አያለቅስም። የዓይኑ ቆብ እበጥ ብሏል፤ ብዙ እንቅልፍ የተኛ ሰው ፊት ነበር የሚመስለው። ክንዱ ላይ ማንም ሳይመታው የበለዘ ቦታ አየሁ።

ጋምቤላ ውስጥ ልጅ ከነጣ ወባ ነው። ይህን ለማለት ድሬሰር መሆንም አያስፈልግም። ጣቱን ወጋሁና ደሙን ስላይድ ላይ አስጥቼ፣ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ ቀባሁት፤ ሲደርቅ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ተመለከትኩ። ወባ የለም። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወደ ግራ ሄድኩ፣ የለም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ክብ መሆን የሚገባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ተሰባብረዋል። ግማሹ የራስ ቁር ይመስላል፣ ግማሹ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቁርጥራጭ ብቻ።

አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ እውነቱ ዓይኔ ሥር ተዘርግቶልኝ ነበር። እኔ ግን ስላይዱን ያበላሸሁ መሰለኝ። ደሙን ሳሰጣ በጣም ተጭኜ ይሆናል፣ ወይ በክረምቱ እርጥበት ቶሎ አልደረቀ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛ ሠራሁ። ያው ነው። ሦስተኛ ሠራሁ። አሁንም ያው። በእጄ ተናደድኩና ሁለቱን እንዲታጠቡ ባልዲ ውስጥ ጣልኳቸው፤ ሦስተኛው መስኮቱ ላይ ቀረ። ከዚያ «ወባው ተደብቆ ነው» ብዬ ክሎሮኪን ሰጠሁት። ካልሸና ደግሞ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ግሉኮስ ሰቀልኩለት። ደም ሥሩን በአንድ ሙከራ ነበር ያገኘሁት።

የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬው ነበር። ወዲያው ነው የተመለሰው። ውሃ ያለቀበት ልጅ ቆዳ እንደዚያ አይመለስም፤ ይህን ጋሼ ተሰማ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር ያስተማሩኝ። ጣቴ ነገረችኝ፣ እኔ አልሰማኋትም። «ካልሸና ጨምርለት» የምትለዋ ቃል ጆሮዬን ሞልታው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዓይኑ በእብጠት ተዘጋ፤ እብጠቱ እግሩ ላይ ወርዷል። አሁንም አልሸናም። ሁለተኛ ጠርሙስ ልቀይር ስነሳ አጁሉ እጄን ያዘችኝ። አማርኛዋ ትንሽ ነበር፤ ያላትን ትንሽ ሰብስባ ነው የተናገረችኝ።

«ሐኪም፣ ልጅ ሞላ። ውሃ በቃ።»

«እንዲሸና ነው የምሰጠው» አልኳት።

«አይወጣም። ይገባል፣ አይወጣም። ሞላ።»

ኦሞድ በአማርኛ ሊደግምልኝ ሲጀምር «ገብቶኛል» ብዬ አቋረጥኩት። ከዚያ እሷን ተቆጣኋት። እናቶች መርፌ ሲያዩ ይፈራሉ፣ ልጃቸውን ነቅለው ይወስዳሉ፣ በኋላ ደግሞ ሐኪም ገደለብኝ ይላሉ ብዬ በአማርኛ ደነፋሁ። ኦሞድ አልተረጎመላትም። እጄን ለቀቀችው። ጠርሙሱን ቀየርኩ።

ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ኦባንግ መተንፈስ አቃተው። ደረቱ ውስጥ ውሃ ሲንኳኳ ያለ ማዳመጫ ይሰማ ነበር። አፉ ላይ ሮዝ አረፋ መጣ፣ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትንፋሹ ቆመ። ጠርሙሱ ገና ጠብ ጠብ ይላል። መርፌውን የነቀለው ኦሞድ ነው። አጁሉ ልጇን በዚያ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። እኔ መዝገቡ ላይ «ከባድ ወባ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የማውቀው ስም አልነበረኝም።

በሳምንቱ አንድ የሚሲዮን ፈረንጅ ሐኪም በትንሽ አውሮፕላን መጡ። በየወሩ ይመጡ ነበር። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ ግን ይገባል። ስለ ኦባንግ ነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር እንዲያጽናኑኝ ነበር የነገርኳቸው። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው ከመጀመሪያው እንደገና እንድናገር አደረጉኝ። ተቅማጡ ደም ነበረው ወይ? ስንት ቀን ቆየ? ነጣ ያልከው ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ብልዝ አየህ? ከዚያ፣

«ደሙን አይተሃል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ። ወባ የለውም። ስላይዱ ግን ተበላሽቶብኛል፤ ሕዋሳቱ ተሰባብረውብኝ…»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስላይዱ አለ?»

መስኮቱ ላይ የቀረውን አመጣሁላቸው። መስታወቱን አስተካክለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ሳይነሱ «አልተበላሸም» አሉኝ። «ስላይዱ ልክ ነው። የተበላሸው የልጁ ደም ነው።»

ስሙን ነገሩኝ። ሄሞሊቲክ ዩረሚክ ሲንድሮም። በእኔ ዕድሜ ሳሉ እንዳልተማሩት፣ በቅርብ ዓመታት መጽሔት ላይ አንብበውት እንደሚያውቁ ነገሩኝ። የሪፖርት ወረቀቴን ገልብጠው ኩላሊት ሣሉበት። የደም ተቅማጡ ጀርም መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ወደ ደም ይገባል። የቀጫጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ ያቆስላል፣ ከሁሉ በላይ የኩላሊቱን። በቆሰለው ቦታ ደም ይረጋል። ቀይ ሕዋሳት በዚያ ጠባብ መንገድ ሲያልፉ ይቀደዳሉ፤ ልጁ የሚነጣው ለዚህ ነው። ደም የሚያረጉት ነገሮች እዚያ ስለሚያልቁ ያለ ምት ይበልዛል። ኩላሊቱ ደግሞ ይዘጋል። የሚያታልለው ነገር ይህ ሁሉ የሚመጣው ተቅማጡ ሲሻለው፣ ቤተሰብም ሐኪምም «ተመስገን» ሲሉ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ያልሸናው ውሃ አጥቶ አይደለም?»

«ሊሆን ይችላል፤ የደረቀ ልጅም አይሸናም። መለየት ያለብህ ያንን ነው። የደረቀ ልጅ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ይህኛው ያብጣል። ያበጠ ልጅ ውሃ አልጠማውም። መውጫው ተዘግቶ ነው።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ግሉኮስ ባልሰጠው ይድን ነበር?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉኝ። «ከእነዚህ ልጆች የሚሞቱ አሉ፣ ምንም ብታደርግ። የሚድኑም አሉ። ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይከፈታል፤ በሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ። እስከዚያ ድረስ ውሃ እንዳያሰምጠው መጠበቅ ነው የእኛ ሥራ።»

ይህን ቃል የሰማሁ ቀን ምሳም እራትም አልበላሁም። አጁሉ በሰባራ አማርኛዋ የነገረችኝን ነበር ፈረንጁ ሐኪም በሥዕል ያስረዱኝ። ይገባል፣ አይወጣም። እሷ መጽሔት አላነበበችም። ልጇን አይታ ነው።

ጋሼ ተሰማ ከጎሬ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስላይዱን ራሳቸው አዩት። ከማይክሮስኮፑ ሲነሱ ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«እንዲህ ፊታቸው ያበጠ ልጆች አይቻለሁ» አሉኝ። «ከተቅማጥ በኋላ። የምግብ እጥረት ነው እል ነበር። ካልሸኑም…» አልጨረሱትም። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኚያ ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበርና የምገባበት ጠፋኝ።

«እርስዎ ብዙ አድነዋል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«የዳኑትን ተዋቸው። የዳኑት ቤታቸው ናቸው» አሉኝ። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ግማሹን ነው ያስተማርኩህ፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ቀድመውኝ ክሊኒክ ተገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደም ያስቀመጠው ልጅ ተቅማጡ ቆመ ተብሎ አይሸኝም፤ ወይ ይቆያል፣ ወይ እናቱ በየቀኑ ይዛው ትመጣለች። እግሩን ከነኩ በኋላ ወዲያው የዓይኑን ቆብ ያያሉ። «ሸና?» የምትለዋ ጥያቄ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መጣች፤ «መቼ? ስንት ጊዜ? ጨርቁን አሳዪኝ» የሚል ተጨመረባት። የማይሸና፣ ግን ያበጠ ልጅ ከመጣ ደግሞ የሚጠጣውን ውሃ መጠን አበጁለት፤ በቀን ውስጥ ከሰውነቱ የወጣውን ያህል፣ በላብና በትንፋሽ ለሚሄደው ደግሞ በትንሽ በትንሹ በስኒ። ከዚያ በላይ ጠብታ አይገባም። ይህን ሁሉ ስንዘጋጅ በልቤ እንዲህ ያለ ልጅ ዳግመኛ እንዳይመጣብኝ እጸልይ ነበር።

መጣ። በቀጣዩ ክረምት፣ ዘሃራ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ። አባቷ ሰይድ ከጅማ መጥቶ ገበያው ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ የታወቀ ነጋዴ ነው፣ እናቷ ከድጃ ትባላለች። የደም ተቅማጧ ከቆመ ሁለት ቀን ሆኗታል። ነጥታለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ ጭኗ ላይ ጥቃቅን የደም ነጥቦች አሉ። ከትላንት ጠዋት ጀምሮ አልሸናችም። ስላይዷን ሠራሁ። የራስ ቁር የሚመስሉት ሰባራ ሕዋሳት ማይክሮስኮፑ ውስጥ ተደርድረው ሲያዩኝ ከወንበሩ ተነስቼ ቦታውን ለቀቅኩ። ጋሼ ተሰማ አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሰይድ ፈጣን ሰው ነው። «ግሉኮስ ስቀልላት» አለኝ። ያኔ በጋምቤላ ሕክምና ማለት ግሉኮስ ነበር። ክኒን የሰጠኸው ሰው አልታከምኩም ይላል፤ ጠርሙስ ከተሰቀለለት ግን ዘመድ ሁሉ ይረጋጋል።

«ለእሷ መርዝ ነው» አልኩት። «በስኒ ለክተን ነው የምናጠጣት። ማንጎና ሙዝም አትስጧት፤ ውስጣቸው ያለውን ጨው የተዘጋ ኩላሊት አያወጣውም። ኩላሊቷ እስኪከፈት እንጠብቃለን።»

«እንጠብቃለን?» አለ ሰይድ። «ልጄ ሽንት አጥታ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ውሃ ስጡኝ እያለች አንተ እንጠብቅ ትላለህ?»

አንድ ቀን ታገሰን፤ ሁለተኛውንም ታገሰ። ዘሃራ ውሃ ትለምናለች፤ ከድጃ ጨርቅ አርጥባ ከንፈሯን ታብሳለች። ልጅ ውሃ ሲለምን መከልከል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ሥራ ቀላል ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰይድ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ። በዕለቱ ዳኮታ ይዟት ወደ ጅማ ሊሄድ ነው፤ ካልሆነም እዚሁ ግሉኮስ እንዲሰቀልላት። ጅማ እስክትደርስ የሚያገኛት ሰው ሁሉ፣ ደግ አስቦ፣ መጀመሪያ የሚያደርግላት ያንኑ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ደግ አስቤ ነበር።

«ለዚያች ለአኙዋዋ እናት ልጅ ስትሰቅልለት አገር ሁሉ አይቷል» አለኝ ሰይድ። «ለእሱ የሰጠኸውን ለእኔ ልጅ ለምን ትነፍጋታለህ? ምን አድርጌህ ነው?»

በዚያ ሰዓት አጁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ኦባንግ ከሞተ በኋላ ሌላ ልጅ ወልዳለች፤ ክትባት ልታስከትበው ነው የመጣችው። እኛ ክሊኒክ እንደገና ትመጣለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አየኋት፣ አየችኝ። አማርኛ ከዱሮው የተሻለ ትሰማለች። እውነቱን ካልተናገርኩ ዘሃራ ትሄዳለች፤ ከተናገርኩ የምትሰማው እሷ ናት። ጋሼ ተሰማን አየኋቸው። የዘሃራን እግር ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«የሰጠሁት ስለማላውቅ ነው» አልኩት ሰይድን። «ልጁ የያዘው ልክ ይህ በሽታ ነበር። ኩላሊቱ ተዘግቶ ሳለ እኔ ውሃ ሞላሁበት። እናቱ በቃ ብላኝ ነበር፣ ተቆጣኋት። ሳንባው ውሃ ሞልቶ በእጄ ላይ ሞተ። ለልጅዎ የምነፍገው ለእሱ ያደረግኩትን እንዳልደግምባት ነው።»

ሰይድ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ጋሼ ተሰማ ዞረ። «አንተስ ሽማግሌው፣ ይህን ልጅ ታምነዋለህ?»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። የሚልህን አድርግ።»

ሰይድ ገና ሳይመልስ አጁሉ ከበረንዳው ገባች። ሕፃኗን ለኦሞድ ሰጠችው። እኔን አላየችኝም፤ ከድጃ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። የዘሃራን ያበጠ እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ከድጃ እንድታይ አሳየቻት።

«ልጄም እንዲህ» አለቻት። «ውሃ አትስጪ። እኔ አየሁ።»

ከድጃ ልጇን አቅፋ ባሏን ቀና ብላ አየችው። «አትሄድም» አለችው። ሰይድ ወንድሞቹን ይዞ ወጣና በር ላይ ተቀመጠ። አውሮፕላኑ ያለ ዘሃራ ሄደ።

አጁሉ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ገበያ የምትሸጠው ዓሣ ስላላት ያንን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ጎራ ትላለች፣ የዘሃራን ጨርቅ በእጇ ትዳስሳለች፣ ከድጃ ጋር ትንሽ ተቀምጣ ትሄዳለች። ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም፤ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፣ አማርኛቸው ደግሞ ጥቂት ነው። በአምስተኛው ቀን ዘሃራ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፣ እኔም አለቀ አልኩ። አለፈላት። በስድስተኛው፣ በሰባተኛው ጨርቁ ደረቅ ነው። ጋሼ ተሰማ ስኒውን ራሳቸው ይለካሉ፣ ለሌላ ሰው አያምኑትም።

በስምንተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ከድጃ ጠራችኝ። ድንጋጤዋን ሰምቼ ዘሃራ የሞተች መስሎኝ ሮጥኩ። ከድጃ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛዋለች። እርጥብ ነው። ቡና የመሰለ፣ ጥቂት፣ ግን ሽንት። ጋሼ ተሰማ ተቀብለው አሸተቱት፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሰይድ ከበር ገብቶ ልጁን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የእኔን ትከሻ ሳመ። ወደ ማታ ላይ ዘሃራ ሁለተኛ ሸናች።

አጁሉ ዓሣዋን ሸጣ ስትመጣ ይህን አገኘች። ጨርቁን እንደ ልማዷ ዳሰሰችው። እርጥብ መሆኑ ሲገባት እጇን ቶሎ አላነሳችም። ከከድጃ ጋር ተቃቀፉ። ከዚያ ሕፃኗን አንስታ ወጣች፤ እኔ እስከ ወንዙ ዳር ተከትያት ሄድኩ። ይቅርታ ልላት ነበር። ቃሉን ስፈልግ ቀድማኝ ቆመች።

ጣቶቿን እየቆጠረች ነበር።

«ሐኪም» አለችኝ፣ «ዘሃራ ስምንት ቀን። ኦባንግ አራት ቀን። ኦባንግም ስምንት ቢደርስ ይሸና ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት።

የቆጠረችባቸውን ጣቶች ፈትታ ሕፃኗን አስተካክላ አቀፈች። ከዚያ ታንኳው ላይ ወጣች።